ትከሻው ትርፍ መንገድ አይደለም

ለፈጣን መንገዱ አስተዳደር ኃላፊዎች፣ መሐንዲሶችና የትራፊክ ቁጥጥር ክፍል ባልደረቦች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚሁ መንገድ ላይ የተበላሹና የተጋጩ መኪኖችን የምናነሳ የጎታች መኪና ሾፌሮችን ወክዬ ነው። የመንገዱ ትከሻ፣ ማለትም ለድንገተኛ መቆሚያ የተተወው ዳሩ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እንደ ተጨማሪ ረድፍ እንዲያገለግል ከወሰናችሁ ወዲህ ሥራችን አደገኛ ሆኗል፤ የምናነሳቸው ሰዎች ሁኔታም እንደዚያው። በስልክ ተናገርን፣ በአካል መጥተን ተናገርን፣ በጽሑፍም አስገባን። መልሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። አሁን ደግሞ ትከሻውን ሙሉ ቀን ለመክፈት፣ ቀጥሎም መንገዱን በአንድ ረድፍ ለማስፋት እንዳቀዳችሁ ሰማን። ስለዚህ ሕዝብ እያነበበው ብንነጋገር ይሻላል።

መጨናነቁን እናውቀዋለን። የምንሠራው እዚያው ውስጥ ነው። ትከሻን ለትራፊክ መክፈት በጭራሽ አይሆንም የሚል አቋምም የለንም፤ በደንብ ያደረጉት አገሮች አሉ፣ ወደኋላ እመጣበታለሁ። ቅሬታችን እናንተ ባደረጋችሁበት አኳኋን ላይ ነው። የተለወጠው የመስመር ቀለሙና ሰሌዳው ብቻ ነው። ትከሻው ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚተካ ነገር ግን አልሠራችሁም።

ትከሻው ሥራ ነበረው። መኪና ሲበላሽ የሚወጣበት ቦታ ነው። አምቡላንስ ሰልፉን አልፎ የሚሄድበት ነው። አንድ ሾፌር ፊቱ ያለው መኪና ድንገት ሲቆምበት መሪውን አጥፎ የሚያመልጥበትም እሱ ነው። ውኃ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቦዩ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ባዶ ሆኖ ሲታይ ግን ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ከቢሮ ሆኖ በካርታ ለሚያየው ሰው ደግሞ የበለጠ።

አሁን ቅሬታችንን በየተራው ላስረዳ።

አንደኛውና ዋናው፣ መኪና ሲበላሽ መቆሚያ የለም። በአንድ ምሽት የተጠራንበትን ልንገራችሁ። ትንሽ የቤት መኪና ናት፣ ቺንጋዋ ተበጥሶ ትከሻው ላይ ቆማለች፤ ትከሻው ደግሞ በዚያ ሰዓት ክፍት ረድፍ ነው። አባትየው አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መኪናዋን ከኋላ ይገፋል። የሚገፋት ወዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ምክንያቱም ፊቱ ያለው ያው ረድፍ ነው። እናትየው ሁለት ልጆቿን ይዛ ከብረት አጥሩ ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆማለች። አንደኛዋ ልጅ ጫማዋ መኪና ውስጥ ቀርቶባት በካልሲ ነበረች። ከኋላ የሚመጡት መኪኖች አንዱ ሲያያት ፍሬን ይይዛል፣ ሌላው መሪ ይጠመዝዛል፣ ሦስተኛው ጡሩምባ ይነፋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ብቻ 40 ሜትር አልፏል። ፊቱ ትልቅ የጭነት መኪና ካለ ደግሞ የቆመውን የሚያየው የጭነት መኪናው ድንገት ረድፍ ሲቀይር ነው። በዚያ ርቀት ምን ማድረግ ይችላል?

ያን ምሽት ማንም አልተጎዳም። ሁልጊዜ እንደዚያ አይሆንም። ሾፌሩን ያለ ምክንያት አትውቀሱት፣ ጎማ መቼ እንደሚፈነዳ ማን ያውቃል? ራዲያተር ሲፈላ፣ ባትሪ ሲሞት፣ ነዳጅ ሲያልቅ፣ ሕፃን ሲያንቀው፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደረቱን ሲይዝ፣ ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዳር ይዞ መቆም። እናንተ ዳሩን ወሰዳችሁት።

በዚህ ጉዳይ የሌላውን ተሞክሮ ሳታውቁት ቀርታችኋል ብዬ አላስብም። እንግሊዞች ይህንን ነገር ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በርሚንግሃም አጠገብ ባለው ኤም 42 መንገድ ላይ ትከሻውን በመጨናነቅ ሰዓት ሲከፍቱ በየ500 ሜትሩ ገደማ ከመንገዱ ዳር ወጣ ያለ የአደጋ ጊዜ መቆሚያ ኪስ ሠርተውለት ነበር። ከመንገዱ በላይ ፍጥነት የሚያሳዩ ሰሌዳዎችና ካሜራዎች ነበሩ፣ ፍጥነቱም ተቀንሶ ነበር። ውጤቱ ጥሩ ሆነ፤ ትራፊኩ ተረጋጋ፣ አደጋውም ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ትከሻውን ጨርሶ ወደ ረድፍ ቀየሩት፣ በመቆሚያ ኪሶቹ መካከል ያለው ርቀትም እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ተፈቀደ። ሰው ሞተ። ቤተሰቦች ለዓመታት ጮኹ። በ2020 መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ አንዴ የሚከፈት አንዴ የሚዘጋ ትከሻ ሾፌሮችን እንደሚያደናግር አመነ። በ2022 አዳዲስ ፕሮጀክቶች ቆሙ። በ2023 ደግሞ ጨርሰው ተሰረዙ። ለተሠሩት መንገዶችም ከ150 በላይ ተጨማሪ መቆሚያዎች ለመሥራት 390 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ።

መጀመሪያ የቆጠቡትን በኋላ ከፈሉት። እናንተ ደግሞ የምትጀምሩት እነሱ ከተዉት ጫፍ ነው። እኛ በምንሠራበት መንገድ ላይ እስካሁን የተሠራ አንድም የመቆሚያ ኪስ የለም።

ሁለተኛ፣ እኛም ሆንን አምቡላንስ የአደጋ ቦታ መድረስ አቅቶናል። ድሮ ጥሪ ሲመጣ ትከሻውን ይዘን፣ መብራት አብርተን፣ ቀስ ብለን ሰልፉን አልፈን እንደርስ ነበር። አሁን ትከሻውም ራሱ ሰልፍ ነው። አንድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና የፊት ጎማው ፈንድቶ ሁለት ረድፍ ይዞ የቆመ ጊዜ፣ ከኋላ በኩል ልንገባ ሞክረን አልሆነም። የትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቅን፣ ከዚያ ቀጣዩ መውጫ ድረስ በሌላ መንገድ ዞረን፣ መንገዱ ከፊት ተዘግቶልን በተቃራኒ አቅጣጫ ገባን። ሥራው ራሱ ብዙ የማይወስድ ነበር። መንገዱን ዘግቶ ያዋለው የእኛ አለመድረስ ነው።

ይህ ደግሞ እናንተ እንቀንሳለን ያላችሁትን መጨናነቅ ራሱን የሚያብስ ነገር ነው። ባለ ሦስት ረድፍ መንገድ ላይ አንዱ ረድፍ በአደጋ ሲዘጋ የሚጠፋው የማሳለፍ አቅም አንድ ሦስተኛ ሊመስል ይችላል፤ ግን ግማሽ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም የቀሩት ሾፌሮች ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ያያሉ፣ ይጋፋሉ። ያው መኪና ትከሻ ላይ ወጥቶ ቢቆም ግን የሚጠፋው 17 በመቶ ያህል ነው። ይህ በሙያችሁ መመሪያዎች ላይ የሰፈረ ስሌት ነው፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደርም ከጠቅላላው መጨናነቅ ሩብ ያህሉ የሚመጣው ከአደጋና ከብልሽት ነው ይላል። እንግዲህ አስቡት። ሁሉም ነገር ሰላም በሆነበት ቀን ትንሽ ለማፍጠን ብላችሁ፣ ነገር በተበላሸበት ቀን መንገዱን ሙሉ በሙሉ ትዘጉታላችሁ።

ሦስተኛ፣ ምልክቱ አይታመንም። መኪና ቆሞበት እያለ ሰሌዳው ትከሻው ክፍት ነው ይላል። እኛ ራሳችን የቆመ መኪና እየጫንን፣ ከጭንቅላታችን በላይ አረንጓዴ ቀስት በርቶ አይተናል። አረንጓዴ ቀስት ያየ ሾፌር ፍጥነት አይቀንስም፣ ለምን ይቀንሳል? በጀርመን ትከሻ ከመከፈቱ በፊት የቁጥጥር ማዕከሉ ባለሙያ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በካሜራ ያያል፤ የቆመ መኪና ወይም የወደቀ ዕቃ ካለ አይከፍትም። ኔዘርላንዶችም የመጨናነቅ ሰዓት ረድፎቻቸውን የሚከፍቱት በካሜራ እያዩ ነው፣ ችግር ሲታይ ረድፉ መዘጋቱን የሚያሳይ ቀይ ኤክስ ወዲያው ይበራል። የእናንተ ግን በሰዓት የሚሠራ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል። መንገዱ ላይ ምን እንዳለ የሚያየው የለም።

ከዚህ የተነሳ ሌላም ጣጣ መጣ። ሾፌሩ ትከሻ ላይ መንዳት ለመደ። በተዘጋበት ሰዓትም ይነዳበታል። ስለዚህ አሁን ትከሻው በተዘጋበት ሰዓት እንኳ እንደ ድሮው ተረጋግተን መሥራት አልቻልንም። ጎማ ለመፍታት ተንበርክከህ፣ ጀርባህን ለመንገዱ ሰጥተህ፣ የሚያልፈው መኪና ነፋሱ ልብስህን ሲጎትተው ምን እንደሚሰማ ለማወቅ አንድ ቀን አብራችሁን ብትወጡ ደስ ይለናል። ይህንን በቁም ነገር ነው የምጋብዛችሁ።

አራተኛ፣ አስፋልቱ። ትከሻው ከዋናው ረድፍ ስስ ሆኖ ነው የተሠራው፣ የጭነት መኪና ቀን ከሌት ይሸከማል ተብሎ አይደለም። አሁን ከባድ መኪና ይሄድበታል፣ ጠርዙም መሰንጠቅ ጀምሯል። የውኃ መውረጃ ፍርግርጎቹ ያሉት በጎማ መስመር ላይ ነው። ከዋናው ረድፍ የሚገፋው ጠጠር፣ ብሎን፣ የፈነዳ ጎማ ቁርጥራጭ ሁሉ ደግሞ ድሮም የሚጠራቀመው እዚያ ነበር። ከመክፈት በፊት የሚጠርግ የለም። ከዚያ ጎማ ፈነዳ ብለው ይጠሩናል።

አምስተኛ፣ ማነቆውን አላነሳችሁትም፣ አዛወራችሁት። ትከሻው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ ድልድዩ ትከሻ የለውማ። አራት ረድፍ ሆኖ የመጣው መኪና እዚያ ላይ ወደ ሦስት ይገባል። ሁሉም ልቅደም ይላል። መውጫዎቹ ጋ ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ፤ በትከሻው የሚሄደው ቀጥ ብሎ ማለፍ ይፈልጋል፣ ከሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው መውጣት ይፈልጋል፣ ከታች የሚገባው መግባት ይፈልጋል። ሦስቱም እዚያች አጭር ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የጎን ለጎን ግጭት የምናነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ቦታዎች ነው፤ የት እንደሆነ ካርታ ላይ ምልክት አድርገን ልንሰጣችሁ እንችላለን። አንድ ረድፍ በሰዓት 2,000 ያህል መኪና ያሳልፋል የሚለውን ሒሳብ ይዛችሁ እንደሆነ፣ መንገድ የሚያሳልፈው በጠባቡ ቦታው ልክ ነው። ድልድዩ ካልሰፋ ከድልድዩ በፊት ያለው ሁሉ የሰልፍ መጠበቂያ ብቻ ነው የሚሆነው።

ስድስተኛው ስለ ማስፋፊያው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ለሕዝቡ የተሰጠው ተስፋ ትልቅ ነው። አንድ ረድፍ ሲጨመር መጨናነቁ ያበቃል ተብሏል። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ያለውን ኬቲ ፍሪዌይ የተባለ ፈጣን መንገድ አስታውሱ። ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት በ2008 ተጠናቀቀ፣ ሰፊው ቦታው ላይ የጎን መንገዶቹን ጨምሮ 26 ረድፍ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ ቀለለ። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ግን የጉዞ ጊዜው ጠዋት 30 በመቶ፣ ማታ 55 በመቶ ያህል ረዘመ። በ2011 የታተመ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናትም በአሜሪካ ከተሞች የፈጣን መንገድ ርዝመት ሲጨምር የሚነዳው ኪሎ ሜትር በዚያው መጠን እንደሚጨምር አሳይቷል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። መንገዱ ሲቀል በሌላ ሰዓት ይሄድ የነበረው በዚህ ሰዓት ይመጣል፣ በሌላ መንገድ ይዞር የነበረው ይመለሳል፣ አውቶቡስ ይይዝ የነበረው መኪናውን ያስነሳል፣ ቤት የሚሠራውም ራቅ ብሎ ይሠራል። መንገዱ እንደገና ሞላ ማለት ነው።

ማስፋት ምንም ጥቅም የለውም አልልም። ብዙ ሰው፣ ብዙ ዕቃ ያጓጉዛል፤ ያ ራሱ ጥቅም ነው። ድልድይ ላይ የሚጠብብን መንገድ ማስተካከልም ተገቢ ነው። ግን መጨናነቅ ያበቃል ብላችሁ ትከሻውን ከወሰዳችሁ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ መጨናነቁም ይኖራል፣ ትከሻውም አይኖርም። ከድጡ ወደ ማጡ የምንለው ይሄንን ነው። የዚያን ጊዜ ትከሻውን መልሱ ብንላችሁ እንደማትመልሱት ታውቃላችሁ፣ የሞላ ረድፍ ማን ይዘጋል?

ሌላ መንገድ አለ፣ ርካሽም ነው። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ትከሻው ላይ እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው አውቶቡሶች ናቸው። ፍጥነታቸው ከ56 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይበልጥም፤ ከጎናቸው ካለው ትራፊክም ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ መፍጠን አይችሉም። ሾፌሮቹ ሠልጥነዋል፣ የቆመ መኪና ሲያዩ ወደ ዋናው ረድፍ ይመለሳሉ። አንድ አውቶቡስ ስንት ሰው ይይዛል? ለእኛም ይመቸናል፤ በየተራ የሚመጣ የሠለጠነ ሾፌር ያለበት ትከሻ ላይ መሥራት፣ ማንም እንደፈለገ ከሚነዳበት ጋር አይወዳደርም። በዚያው ግዛት መግቢያ መንገዶች ላይ መኪና በተራ የሚያስገቡ መብራቶች አሉ። በ2000 አይጠቅሙም የሚል ክርክር ተነሥቶ ለጥቂት ሳምንታት አጥፍተዋቸው ነበር። አደጋው በ26 በመቶ ጨመረ፣ መንገዱ የሚያሳልፈው መኪናም በ9 በመቶ ቀነሰ። መብራቶቹን መልሰው አበሯቸው። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ደግሞ በ2006 ወደ መሃል ከተማ ለሚገባ መኪና የመጨናነቅ ክፍያ ስትሞክር ትራፊኩ በ20 በመቶ ገደማ ወረደ፣ በ2007 ቋሚ አደረገችው። ክፍያው አቅም የሌለውን ሰው እንዳይጎዳ አማራጭ መጓጓዣ አብሮ መኖር አለበት፤ ይህን እዚህ በአንድ አረፍተ ነገር የምጨርሰው አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፣ አስፋልት ከመጨመር ሌላ የምትሠሩት ነገር አለ።

የመጨረሻው ቅሬታ፣ ማንም አልጠየቀንም። ውሳኔውን ያወቅነው ሰሌዳው ተሰቅሎ ካየን በኋላ ነው። የአምቡላንስ ሾፌሮችም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም እንደዚሁ ነግረውናል። እኛ መሐንዲስ አይደለንም፣ ግን የትኛው ኩርባ ላይ መኪና እንደማይታይ፣ የትኛው ዳገት ላይ ሞተር እንደሚፈላ፣ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የት እንደሚተኛ እናውቃለን። ይህን ለመናገር ገንዘብ አልጠየቅንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ትከሻውን ሙሉ ቀን የመክፈቱ እቅድ ይቁም። አሁን በመጨናነቅ ሰዓት የሚከፈተውም ቢሆን፣ መቆሚያ ኪስ እስኪሠራለት ድረስ ከአውቶቡስና ከአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ በስተቀር ለሁሉም ይዘጋ። ኪሶቹ ሲሠሩ ደግሞ ለማለት ያህል አይሁኑ፤ አንዱ ላይ የቆመ ሰው ቀጣዩን ማየት እስኪችል ይቀራረቡ፣ አንድ ተሳቢ ያለው መኪናና ጎታቹ አብረው የሚገቡበት ርዝመት ይኑራቸው፣ ስልክና መብራት ይኑራቸው።

ካሜራ ይተከል፣ ካሜራውን የሚያይ ሰውም ይመደብ። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታይቶ ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ፣ ተጠርጎም ሳያልቅ አረንጓዴ ቀስት አይብራ። ጥሪ ስንቀበል በአንድ ስልክ ቀይ ኤክስ የሚያበራልን ሰው ይኑር፤ ይህኛው ነገ ሊጀመር የሚችል ነው፣ ግንባታም አያስፈልገውም። ቀይ ኤክስ ስር የሚነዳ ይቀጣ።

ትከሻው ክፍት በሆነበት ሰዓት የመንገዱ ፍጥነት በሙሉ ይቀንስ። በመጨናነቅ ሰዓት ጎታች መኪኖች በተወሰኑ መግቢያዎች ላይ ቆመው የሚጠብቁበት ቦታ ይሰጠን፤ ካለንበት ተነሥተን እስክንደርስ የሚባክነው ጊዜ ነው መንገዱን የሚዘጋው። ድልድዩንና መውጫዎቹን የማስተካከሉ ሥራ ከማስፋፊያው ይቅደም። ማስፋፊያው ከተሠራም በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ ትከሻ ይዞ ይሠራ።

ትከሻው ከተከፈተ ወዲህ በመንገዱ ላይ የደረሰውን አደጋ፣ የብልሽት ብዛትና የማንሳት ጊዜ ከቀድሞው ጋር አነጻጽራችሁ ለሕዝብ ይፋ አድርጉ። እኛም በየጥሪው የምንሞላውን ቅጽ አምጥተን እናስረክባለን።

እቅዱ ከመጽደቁ በፊት ከእኛ፣ ከአምቡላንስ፣ ከእሳት አደጋ፣ ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር አንድ ስብሰባ ጥሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ነው አሁን የጻፍነው። የስብሰባውን ቀንና ቦታ እናንተ ወስኑ፤ ከመጨናነቅ ሰዓት ውጭ ይሁን እንጂ በማንኛውም ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በፈጣን መንገዱ ላይ የሚሠሩ የጎታች መኪና ሾፌሮችን በመወከል፣
የጎታች መኪና ሾፌር